ከምግብ በኋላ

ከሐይቁ የመጣ ጭጋግ መስኮቱ ላይ ተኝቷል፤
ከአምስት ዓመት በታች ክፍል፣ ወረፋው በሩን ሞልቷል።
አርባ ሁለት ካርድ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ እኔ፤
ሳል የጠገበ ጆሮዬ፣ ቁጥር የሰለቸው ዓይኔ።

መሠለች ገባች፣ ያቤጽን አዝላ፣
ካፊያ የበላው ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ፤
ከፓርኩ የሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ነው የመጣችው፣
ጣቷ ላይ ሰማያዊ ክር አለ፤ እሷ አላየችው።
ትልቋ ልጅ ከኋላ፣ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ።

«ስንት ቀኑ?» «ሦስት።» «ትኩሳትስ?» «ማታ ማታ።»
የሚዛኑ መርፌ ዋዠቀ፣ ቆመ፤ ያው ያለፈው ወር ቦታ።
የክንዱ ጥብጣብ ቢጫው ላይ አረፈ፤
«ቢጫ» ተብሎ በእኔው ብዕር ተጻፈ።
ቢጫው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ መስመር ካርዱ ላይ የለም።

አዲስ ቅጽ ግን መጥቷል፣ ከሰኔ ወዲህ፦
በቤት ውስጥ በቂ ምግብ አለ? ውሃስ? ኪራይስ?
ልጁን የሚጠብቅ ሰው? እርዳታ ይፈልጋሉ?
እናቶች ሁሉ አንድ ቃል ይመልሳሉ፦
«ተመስገን።»

ተመስገን ይላሉ፣ ጎናቸው እየተጣበቀ፣
ተመስገን፣ ጡታቸው እየደረቀ፤
የኛ ሰው ገመናውን ለፈጣሪ እንጂ ለቅጽ አይሰጥም፤
እኔም «ችግር የለም» ላይ ምልክት ሳደርግ እጄ አይንቀጠቀጥም።

መሠለችም ተመስገን አለች። ምልክት አደረግኩ።

ቢልቃጡን ነቅንቄ ሰጠኋት፣ ማንኪያውን አስለክቼ፣
«በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ» አልኳት፣ ቀጣዩን ካርድ አንስቼ።

አልተነሣችም።
ቢልቃጡን አገላበጠችው፣ ክፉ ወሬ እንዳለበት ደብዳቤ።
«ሲስተር» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ምግቡ አንዴ ከሆነስ?
ሦስቱንም ማንኪያ አንድ ላይ ላጠጣው?
ወይስ ሁለቱ ይለፈው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ትልቋ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣
«እማዬ የፓርኩን ምሳ በላስቲክ ታመጣልናለች፤
እኛ ስንበላ፣ እዚያው ጠግቤያለሁ ትላለች።»
እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም።

ቅጹ ላይ ስርዝ ድልዝ ክልክል ነው።
ሰረዝኩት።
ገለበጥኩትና ባዶ ጀርባው ላይ እንደ ጎረቤት ጠየቅኳት፦
ትናንት ማታ ምን ቀመሳችሁ?
«ቆጮ። ከግድግዳ ማዶ ሰጡን።»
አከራይሽስ?
«የሁለት ወር ቀርቶበታል፤ ቧንቧውን አሰረው።»
ማሽን ላይ ስታድሪ ልጆቹን ማን ይጠብቃል?
እጇን ወደ ጉያዋ ሰደደች፣
ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፦
ቁልፍ።

ታዲያ ምን አለኝ? ለቀበሌው ለአቶ ላንቃሞ የምትላክ ብጣሽ ወረቀት፣
የሰፈሯ ጤና ኤክስቴንሽን የዘነቡ ስልክ፣
ከካርቶኑ ሥር አሥራ አራት ከረጢት የለውዝ ቅቤ፤
የአከራይን ልብ የሚለካ ጥብጣብ አልተላከልንም።
ከፍቼ የማልሰፋውን ቁስል ለምን ነካሁ? አልኩ በልቤ።
እሷ ግን ቁልፉን ስታነሣ ትከሻዋ ትንሽ ወርዶ ነበር፣
ከሩቅ የተሸከመችውን ጀሪካን ደፍ ላይ እንዳሳረፈች ሴት።

«ረቡዕ ተመለሺ።» «እሺ» አለች።
እሺ ደግሞ የተመስገን ታናሽ እህት ናት፤
ትመጣም እንደሆን፣ ትቀርም እንደሆን አላውቅም።

ቀጣዩ ካርድ። ወፍራም ሕፃን፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ቀለበት ያደረገች እናት።
ይቺስ ምን ይጎድላታል ልል ምላሴ ጫፍ ደረሰ።
«እህቴ፣ ትናንት ማታ እራት ምን ነበር?»
ተመስገን ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ፤
ልጇን አየችው፤
መልሳ ዘጋችው።

ጠበቅኳት።